የዝሆኔ ሕመምና የታማሚው የአእምሮ ጤና

ሥር የሰደደ የቆዳ ሕመም ለረጅም ጊዜ ከሚቆዩ ሌሎች በሽታዎች የሚለየው፣ ታማሚው ሊሸሽገው በማይችለው የሰውነት ክፍል ላይ የሚታይ በመሆኑ ነው፤ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ስለ ሕመሙ ለማን እንደሚናገር ራሱ ሲወስን፣ ለምጽ፣ የሥጋ ደዌ ወይም ዝሆኔ ያለበት ግን ገና አንደበቱን ሳይከፍት በገበያ፣ በሠርግና በለቅሶ ቤት ታይቶ ይፈረድበታል። ይህ ፍርድ በታማሚው አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሕክምናው ተነጥሎ ሊታይ የማይገባ መሆኑን የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ዝሆኔ በግልጽ ያሳያል።

ዝሆኔ በሚል ስም ከሚጠሩት ሕመሞች አንዱ በትንኝ በሚተላለፍ ትል ምክንያት የሚመጣ ሲሆን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውና በደጋማው ክፍል የሚበዛው ሌላው ዓይነት ግን ከትልም ሆነ ከባክቴሪያ አይነሣም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መነሻው ከእሳተ ገሞራ አለት በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር መሥራት ነው፤ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ገብተው ሊምፍ የተባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ስለሚጎዱ፣ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል፣ ቆዳውም ይደድራል። በወላይታ፣ በጎጃም፣ በወለጋና በሌሎች አካባቢዎች በጠቅላላው ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች ሕመሙ እንዳለባቸው ይገመታል፤ አብዛኞቹም በዓመት ውስጥ ደጋግሞ በሚነሣ ትኩሳትና የእግር ሕመም ለቀናት ከሥራ ውጭ የሚሆኑ ገበሬዎች ናቸው።

በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር 271 ታማሚዎችን ሕመሙ ከሌለባቸው 268 ጎረቤቶቻቸው ጋር ያነጻጸረ ጥናት፣ የድባቴ ምልክቶች በታማሚዎቹ ዘንድ 12.6 በመቶ፣ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ግን 0.7 በመቶ ብቻ ሆነው አግኝቷል። ድባቴ ተራ ኀዘን አይደለም፤ ለሳምንታት ሳይለቅ የሚቆይ፣ ደስታን የሚነሣ፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን የሚያዛባ፣ ሲብስም ሰውን ከሕይወት ተስፋ የሚያስቆርጥ የአእምሮ ሕመም ነው። ሁለቱም ወገኖች በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ጎረቤታሞች በመሆናቸው፣ ይህን ያህል ሰፊ ልዩነት በኑሮ ችግር ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል።

ለዚህ ልዩነት ትልቁ ምክንያት መገለል ሳይሆን አይቀርም። ዝሆኔ በዘር ይወርዳል ተብሎ በሰፊው ስለሚታመን መገለሉ በታማሚው ሳያበቃ ወደ ልጆቹና ወደ እህት ወንድሞቹ ይዘልቃል፤ ሽማግሌ ሲላክ የቤተሰቡ ዘር ይጠየቃል፣ እግሩ ያበጠ አንድ አጎት መኖሩ ብቻ የታጨችን ልጅ ጋብቻ ሊያስቀር ይችላል፣ በዚህም ፍራቻ ቤተሰብ ታማሚውን ከእንግዳ ዓይን ይሰውረዋል። ነገሩን የሚያከብደው እምነቱ ከናካቴው ውሸት አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወላይታ ታማሚዎች ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ የሰውነትን በሽታ የመከላከል ሥርዓት ከሚመሩት ዘረ መሎች መካከል አንዳንዶቹ በሕመሙ የመያዝን ዕድል እንደሚጨምሩ አሳይቷል። ይሁን እንጂ የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ ሕመሙ ራሱ አይደለም፤ ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ልጅ እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአፈሩ ከተጠበቀ በሽታው አይዘውም። «በዘር ነው» ብሎ የሚያቆም የጤና ባለሙያ የታማሚውን ቤት ለመገለል አሳልፎ ይሰጣል፤ «በዘር አይደለም» ብሎ የሚያስተባብልም በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ታማሚ ባየ ገበሬ ዘንድ አይታመንም። ስለዚህ ዘሩም አፈሩም በአንድነት መነገር አለባቸው፤ ጫማና ንጽሕና ልጆችን እንደሚያድናቸው የተረዳ ወላጅ የዘሩን ነገር በተስፋ መስማት ይችላልና።

የሚያሳዝነው፣ የተሳሳተው አመለካከት በጤና ተቋማትም ውስጥ መኖሩ ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያ የተደረገ አንድ ጥናት ከተጠየቁት የጤና ባለሙያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመሙን ተላላፊ አድርገው እንደሚቆጥሩት አሳይቷል። እርዳታ ፍለጋ ረጅም መንገድ በእግሩ የመጣ ታማሚ ከሐኪም ፊት የመሸሽ ምልክት ካየ፣ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። «ጫማ አድርግ» የሚለው ምክርም ያበጠ እግር በገበያ ጫማ እንደማይገባ ካልተረዳ ሰው ሲመጣ ምክር መሆኑ ቀርቶ ወቀሳ ይሆናል።

የእግር እንክብካቤው ቀላል ነው፦ በየቀኑ በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና በልክ የተሠራ ጫማ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎችን ያሳተፈና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህ እንክብካቤ የሚደጋገመውን የትኩሳትና የሕመም ጊዜ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የቁስሉ ጠረን ሲጠፋና እብጠቱ ሲቀንስ ታማሚው ወደ ዕድሩና ወደ ማኅበሩ መመለስ ስለሚቀለው፣ እግርን ማጠብ ለአእምሮም የሚጠቅም ሕክምና ነው ማለት ይቻላል።

ሆኖም የእግሩ መሻል ብቻውን ድባቴን ይፈውሳል ማለት አይደለም፤ ታማሚው ስለ ስሜቱ ሊጠየቅ ይገባል። ለመጠየቅ የሚያስችል መሣሪያም አለ፤ በብሪታንያዋ ካርዲፍ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1994 የተዘጋጀውና የቆዳ ሕመም በሥራ፣ በአለባበስና በማኅበራዊ ግንኙነት ላይ የሚያሳድረውን ጫና የሚለካው ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ፣ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በደቡብ ኢትዮጵያ የዝሆኔ ታማሚዎች ላይ ተፈትሿል። በአዊ ዞንም የእግር እንክብካቤን፣ የአእምሮ ጤና አገልግሎትንና የኅብረተሰብ ትምህርትን በመደበኛው የጤና ሥርዓት ውስጥ ያጣመረ አሠራር ተሞክሯል።

ይህ አሠራር ሕመሙ ባለበት ወረዳ ሁሉ ሊዳረስ ይገባል። እስከዚያው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የታማሚውን እግር ሲያዩ እንቅልፉንና ተስፋውንም ይጠይቁ፤ የዕድር ዳኞችና የሃይማኖት አባቶችም ሕመሙ እንደማይተላለፍ በግልጽ ይናገሩ፤ በቤቱ ታማሚ ያለው ቤተሰብ ደግሞ እንግዳ በመጣ ጊዜ ታማሚውን ከማዕዱ አይለየው።