ስለ ልብ ወለድ ጸሐፊና ስለ መምህሩ

ቅኔ ለመማር የሚወድ ሰው መምህር ፍለጋ አገር አቋርጦ ይሄዳል። ዋሸራ ወይም ጎንጅ ወይም ደብረ ኤልያስ ደርሶ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ እየቈጠረ ያሰማል፤ መምህሩም የተበላሸውን ያርምለታል። ልብ ወለድ ታሪክ ለመጻፍ የሚወድ ሰው ግን ወደ ማን ይሄዳል? ይህን ጥያቄ ያቀረበልኝ በአቃቂ ቃሊቲ ከአንድ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ወጣት ነው። በዚያን ቀን የሰጠሁት መልስ የሚገባ አልነበረምና፤ ዛሬ በዚህ ዓምድ ወደ ነገሩ እመለሳለሁ።

ወጣቱ ሁለት መቶ ገጽ ያህል በእጁ የጻፈበትን ደብተር ይዞ ወደ መሥሪያ ቤታችን መጣ። «ጋሼ፣ እባክዎ አንብበው የሚታረመውን ይንገሩኝ» አለኝ። አነበብሁት። የመኪናዎቹ ጩኸት፣ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ሲነጋ በአቃቂ ወንዝ ድልድይ ላይ እየተሻገሩ የሚነጋገሩት ነገር እጅግ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ ከሃያ ገጽ አይበልጥም። የቀረው ምክርና ተግሣጽ፣ ዕንባና ሞት ነው። እኔም የልጁን ፊት አይቼ ራራሁና «መልካም ነው፤ በርታ» ብዬ ሰደድሁት። እርሱ ግን በርታ ማለቴን አሳትም ማለት ነው ብሎ ተረዳው፤ ከዘመድ ገንዘብ ተበድሮም አሳተመ። መጽሐፉ ዛሬ በእናቱ ቤት በካርቶን እንደ ታሰረ ተቀምጧል፤ ዕዳውም ገና አላለቀም። ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የእርሱ አይደለም።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፋችሁ ካህናት እንደምታውቁት የቅኔ መምህር እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለውም። ተማሪው ቀን ከሰው ተለይቶ ሲቈጥር ይውላል፤ ማታ ያሰማል። ቤቱ ባይመታ፣ ሰሙ ከወርቁ ጋራ ባይስማማ፣ መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ያፈርስበታል። ተማሪው ያን ሌሊት ያዝናል፤ በማግስቱ ግን ደግሞ ይቈጥራል። መምህሩ ስለ ተማሪው ሆኖ አይቈጥርለትም፤ የሚያደርግለት የቱ እንደ ቆመና የቱ እንደ ወደቀ ማሳየት ብቻ ነው።

ከዚህ ጉባኤ ወጥተው ወደ ልብ ወለድ ከደረሱት ሰዎች ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን ማንሣት ይበቃል። በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው በዚያው አገር በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አደጉ፤ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት በ«ፍቅር እስከ መቃብር»ም ቅኔ ዐዋቂውን በዛብህን የሰብለ ወንጌል አስተማሪ አደረጉት። ቃልን መመዘን ከቅኔ ቤት የተገኘ እንደ ሆነ ማንም አይጠራጠርም። ሆኖም አንድን ታሪክ በብዙ መቶ ገጽ ላይ መዘርጋትን መወድስ አያስተምርም። ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ሲያሳትሙ በአማርኛ የቀደማቸው ደራሲ ስላልነበረ፣ የሚጠይቁት መምህርም በአገራቸው ቋንቋ አልነበራቸውም።

በፈረንሳይ አገር የሆነው ነገር ከቅኔ ጉባኤያችን ጋራ ይመሳሰላል። ጊ ደ ሞፓሳን የተባለው ደራሲ በ1888 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ፒየርና ዣን» በተባለው መጽሐፍ መግቢያ ላይ፣ የጻፈውን ሁሉ ሰባት ዓመት ያህል ለጉስታቭ ፍሎቤር እያቀረበ ሲታረም እንደ ኖረ ይናገራል። ፍሎቤርም በደጁ የተቀመጠውን ባለ ሱቅ አይቶ፣ ከሌላ ባለ ሱቅ ጋራ ፈጽሞ በማያምታታ ቃል እንዲሥለው ያዝዘው ነበር። ሞፓሳን ስሙ የተጠራበትን የመጀመሪያ ታሪክ በ1880 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ በዚያው ዓመት መምህሩ ሞተ።

በእኛ አገር ለልብ ወለድ የጉባኤውን ቦታ የያዘው የጋዜጣና የመጽሔት ዝግጅት ክፍል ነው። አቶ በዓሉ ግርማ የመነን መጽሔትና የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነው የሌላውን ጽሑፍ እያረሙ የራሳቸውን ጽፈዋል፤ «ከአድማስ ባሻገር»ን በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ። በ1972 ዓ.ም. የወጣው «ደራሲው» ስለ ጸሐፊ ኑሮ የተጻፈ ነው፤ ሲራክ የተባለውንም ሰው ብዙዎች አቶ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው ይሉታል። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ወጣ፤ መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲውም ከሥራቸው ተሰናበቱ። በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ ቀሩ፤ ቮልስዋገን መኪናቸውም በደብረ ዘይት መንገድ በቃሊቲ አቅጣጫ ቆማ ተገኘች። እንግዲህ ይህ ወጣት ወደ ፈረቃው የሚመላለስበት መንገድ ያ መንገድ ነው። እስክነግረው ድረስ አላወቀም ነበር። ሰዎች ሳይጻፉ ስለ ቀሩት የአቶ በዓሉ መጻሕፍት ያዝናሉ፤ እኔ ደግሞ በእጃቸው ሊታረም ይችል የነበረውን የወጣቶች ደብተር አስባለሁ።

እኔን ያረመኝ ስሙ በማንም መጽሐፍ ላይ የማይገኝ ሽማግሌ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ከአብነት ትምህርት ቤት ወጥቼ በዝግጅት ክፍል ሥራ እንደ ጀመርሁ ስለ አንድ መነኩሴ ሞት አራት ገጽ ጻፍሁ፤ በውስጡ ያላፈሰስሁት ግእዝ አልነበረም። ሽማግሌው ሁሉንም በቀይ ቀለም ሰርዞ አንድ ዐረፍተ ነገር አስቀረልኝ፤ ይኸውም የሟቹ መቋሚያ ከበሩ ኋላ ተደግፋ መቅረቷን የሚናገረው ነው። «ይህችን ዓይንህ አይታታለች፤ የቀረውን ከድርሳን ሰምተኸዋል» አለኝ። ሳምንት ሙሉ አኵርፌው ነበር።

እንዲህ ያለ ሽማግሌ በየወረዳው አይጠፋም። ጡረታ የወጣ የአማርኛ አስተማሪ፣ ያረጀ አራሚ፣ ቅኔ ያወቀ መሪጌታ በአቃቂም በቃሊቲም አለ። የወረዳ ሹማምንት በሳምንት አንድ ምሽት የስብሰባ አዳራሻቸውን ቢከፍቱ የሚያስፈልገው አግዳሚ ወንበርና መብራት ነው። ጉባኤው የሽልማትና የጭብጨባ እንዳይሆን ብቻ ይጠንቀቁ፤ ጭብጨባውን እኔ አስቀድሜ ሰጥቼው ምን እንዳመጣ ተናግሬአለሁ።

ባለፈው ወር ወደ ወጣቱ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። እናቱ ቡና አፈሉ፤ ካርቶኖቹ ከአልጋው ሥር ይታዩ ነበር። የድልድዩን ሃያ ገጽ ብቻ ይዞ እንደ ገና እንዲጀምር ነገርሁት። ዝም አለኝ፤ የሚመጣም አልመሰለኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ዐሥራ አንድ ገጽ ይዞ መጣ። አራቱን ሰረዝሁ። በአምስተኛው ገጽ በድልድዩ ጫፍ ቆሎ የሚሸጡ አሮጊት አሉ፤ አንድ ቃል ስለማይናገሩ ይውጡ አልሁት። «አይወጡም ጋሼ፤ ሠራተኛው ደመወዝ ሳይቀበል ሲቀር ዱቤ የሚሰጡት እርሳቸው ናቸው፤ የሚናገሩትማ ቢናገሩ ማን ይበላል?» አለኝ። ቀዩን ብዕር አስቀመጥሁ፤ አሮጊቷም በቦታቸው ቀሩ።