ተጋባዥ ምሁርና ጠያቂ ጉባኤ

ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ፣ የማሽላውንና የማሾውን ማሳ ከኋላው ትቶ፣ በደብረ ሲና በኩል የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ብቅ የሚለው የይፋት ተማሪ፣ በዩኒቨርሲቲ ከሚገጥሙት ሥርዓቶች መካከል ማንም አስቀድሞ ያልነገረው አንድ አለ። ይህም ሥርዓት ፈተና የሌለው፣ ማርክ የማይያዝበት፣ ያልተገኘም የማይወቀስበት፣ ነገር ግን ታሪክን፣ ቋንቋን፣ ሥነ ጽሑፍንና ፍልስፍናን የሚያቅፈው የሥነ ሰብእ ትምህርት ያለ እርሱ ደረቅ ንባብ ሆኖ የሚቀር፣ ተጋባዥ ምሁር ተናግሮ የሚጠየቅበት ጉባኤ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። አንድ የትምህርት ክፍል ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከባሕር ማዶ አንድ አዋቂ ይጋብዛል፤ ርእሱና ቀኑ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ መድረክ መሪው የእንግዳውን ማንነት በአጭሩ (አጭር በሆነ እንዴት መልካም ነበረ!) ያስተዋውቃል፤ እንግዳው ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይናገራል፤ ከዚያም ጉባኤው ይጠይቃል። ሴሚናር የሚባለው ግን ከዚህ ጠበብ ያለ ነው፤ ጥናቱ አስቀድሞ ለተሳታፊዎች ይታደላል፣ ሁሉም አንብቦ ይመጣል፣ አቅራቢው ፍሬ ነገሩን ብቻ አስታውሶ ዝም ይላል፣ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡትም «ይህን ከየትኛው ሰነድ አገኙት? ሰነዱንስ ማን ጻፈው? ለማንስ ብሎ?» እያሉ ገጽ በገጽ ይመረምሩታል። እንግዳው በአዳራሹ ይከበራል፣ በሴሚናሩ ይመረመራል፤ እኔ ግን ለምሁር ከመመርመር የሚበልጥ ክብር የለም ባይ ነኝ።

ሴሚናር በዛሬ መልኩ በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ተወልዶ ያደገ ነው፤ በ18ኛው መቶ ዓመት በጎቲንገን የጥንታውያን ቋንቋ መምህራን፣ በ19ኛው ደግሞ በበርሊን የታሪክ ሊቁ ሊዮፖልድ ፎን ራንከ ተማሪዎቻቸውን ከራሱ ከሰነዱ ፊት አስቀምጠው ማስመርመርን ልማድ አደረጉት። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1652፣ የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ በጀርመኑ መስፍን በኤርንስት ጥሪ ወደ ጎታ ከተማ ዘልቀው፣ ቀድሞ በሮም ለተዋወቁት ለሂዮብ ሉዶልፍ፣ ስለ ግእዝና ስለ አማርኛ፣ ስለ አገራቸው ሃይማኖት፣ ሥርዓትና መልክዐ ምድር የሚያቀርብላቸውን ጥያቄ ይመልሱ ነበር። ጠያቂው ጀርመናዊ በመጽሐፍ የተማረውን በሕያው አንደበት እያረመ የሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ ተብሎ ታተመ፤ አባ ጎርጎርዮስ ግን መጽሐፉን ሳያዩ፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ቀሩ። በአውሮጳ ምድር የተጋበዙትን የኢትዮጵያ ሊቃውንት ስም የሚጽፍ ሁሉ ከእሳቸው ቢጀምር ተገቢ ነው።

አገራችንም የመጠየቅን ሥርዓት ከማንም አልተበደረችም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ከዱር ገብቶ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል፤ ቤቱ ከጎደለ፣ ሰሙም ከወርቁ ካልገጠመ፣ ያለ ርኅራኄ ይነቀፋል፤ የትርጓሜውም መምህር አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያለ ሲፈታ፣ የቀደሙት አበው የተለያዩበትን ሐሳብ ሳይሰርዝ አጠገብ ለአጠገብ ያኖረዋል። በይፋት ቆላ ደግሞ ደረሳው ስንቁን ቋጥሮ ከሼኽ ወደ ሼኽ እየዞረ፣ ኪታቡን ከጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ነሕዉን (ሰዋስዉን) ከአንዱ፣ ፊቅሁን (የእስልምናውን ሕግ) ከሌላው ሲቀራ ኖሯል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በእነዚያ ቤቶች የመጨረሻው ቃል የመምህሩ ሲሆን፣ በሴሚናር ግን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እንኳ ሰነድ ከያዘ ታላቁን እንግዳ ሊረታ ይችላል።

በዘመናዊው ትምህርታችን የዚህ ልማድ ዋና ቤት የሆነው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአዲስ አበባ ያለውን የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ከሰጡ በኋላ ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ለጎብኚ በሚታይበት በዚያው ሕንፃ ውስጥም ተመራማሪው ለብዙ ዘመን ብራናና ሰነድ ሲያገላብጥ ኖሯል። በ1951 ዓ.ም. በሮም የተጀመረውም ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቧል፤ ከዚያም ወዲህ ሞስኮንና የጃፓኗን ኪዮቶን ሳይቀር ዞሯል።

ከእነዚህ ጉባኤዎች ርእሶች አንዱ ይፋት ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት የወረሱት የይፋት ገዥዎች ወላስማዎች፣ ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጋር የተዋጋው የይፋት ገዥ ሰብረ ዲን፣ በዘይላ ላይ ይሄድ የነበረው የሲራራ ንግድ፣ እነዚህ ሁሉ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት ባሳተሙት መጽሐፍ ተመርምረዋል፤ ኋላም የተቋሙ ዳይሬክተር የሆኑት አሕመድ ሐሰን የይፋትን ሕዝቦች ግንኙነትና የእስልምናን ታሪክ ለብዙ ዘመን አጥንተዋል። ፈረንሳውያኑ ፍራንሷ ግዛቪዬ ፎቬልና በርትራን ሂርሽም ከባልደረቦቻቸው ጋር በተራራው ጥግ ያሉትን የአስባሪን፣ የመሳልንና የኖራን የጥንት ከተሞች ፍርስራሽ፣ የድንጋይ መስጊዶቹንና መቃብሮቹን፣ ለዓለም ሊቃውንት አስተዋውቀዋል። ልብ ይባል፣ ያስተዋወቁት ለሊቃውንት ነው፤ ፍየሉን በዚያ የሚያግደው ባላገር ድንጋዮቹን ከአያቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል።

የምነቅፈውም ይህንን ነው። ስለ ኖራ የሚነገረው ከኖራ ርቆ፣ ብዙ ጊዜም በእንግሊዝኛ ነው፤ የጥያቄውም ሰዓት «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት አለኝ» በሚሉ ተናጋሪዎች ያልቃል፤ የአካባቢው የአርጎባ ሽማግሌ ግን፣ ግንቡ የማን እንደሆነ በቤተሰቡ የተነገረውን የሚያውቀው፣ ከዚያ ወንበር የለውም። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እንግዲህ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆይ፣ ስለ ይፋት የሚናገር እንግዳ በመጣላችሁ ቁጥር አንዱን ቀን ለሮቢት ስጡ፤ ሙቀቱ በሚበርድበት በታኅሣሥ ቢሆን፣ በአማርኛ ቢሆን፣ ካህኑ፣ ሼኹና ገበሬው ከፊተኛው ወንበር ቢቀመጡ፣ እንግዳችሁ በሌላ ቦታ የማያገኘውን ጥያቄ ያገኛል።