የሄንግሎ ማጣሪያና ጀማሪው ሯጭ

የኦሎምፒክ ሕግ ለአንድ ሀገር በአሥር ሺህ ሜትር ከሦስት ሯጭ በላይ ስለማይፈቅድ፣ በዚህ ርቀት ስመ ጥር ልጆችን በብዛት ያፈራችው ኢትዮጵያ ሦስቱን መርጣ የቀሩትን የምትመልስበት ሥርዓት ማጣሪያ ይባላል፤ ይህም ሥርዓት በ2013 ዓ.ም. የተፈጸመው በአዲስ አበባ ሳይሆን በምሥራቅ ኔዘርላንድስ በምትገኘው በሄንግሎ ከተማ ነበር።

ምክንያቱም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ የአየሯ ስስነት በልምምድ ጊዜ ለሯጩ በረከት ሲሆን በውድድር ቀን ግን ሰዓቱን ስለሚነሣው፣ ለቶኪዮ ኦሎምፒክ የተቈረጠውን ሚኒማ፣ ይኸውም ለወንዶች 27 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ፣ ለሴቶች 31 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ፣ በዚያ ማሟላት እጅግ የሚያስቸግር ነበርና። ሄንግሎም ለእኛ ባዳ አይደለችም፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1986፣ ቀነኒሳ በቀለ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የአምስት ሺህ ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበሩት በዚያች ከተማ ነው። ሆኖም ሕዝቡ የራሱ ልጆች ሲመረጡ በዓይኑ ሳያይ መቅረቱ፣ ሰዓቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለዚህ ጸሐፊ ቅር የሚያሰኝ ነገር ነው።

ወደዚህ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀርብ ወጣት፣ ቁጥሩን በመርፌ ቁልፍ ከደረቱ ላይ አያይዞ፣ ሌላ ትንሽ ቁጥር ከታፋው ላይ ለጥፎ፣ ቅስት ሆኖ ከተሰመረው መነሻ ላይ ሲቆም፣ ግራና ቀኙን የከበቡት ትናንት በእንጦጦና በሰንዳፋ መንገድ አብረውት የሮጡ፣ የትንፋሹን ልክና የእግሩን አመል ጠንቅቀው የሚያውቁ ወንድሞቹ ናቸው። ተኩሱ እንደ ተሰማ ሁሉም ወደ ውስጠኛው መስመር ይሻማል፤ ጥጉን ሁሉ በሁለተኛው መስመር የሚዞር ሰው በየዙሩ ሰባት ሜትር ያህል ትርፍ መንገድ ይሮጣልና፣ ይህ ሽሚያ የከንቱ አይደለም። ነገር ግን ከውስጠኛው ጠርዝ የተጠጋ ጀማሪ፣ ከፊቱ የሹል ጫማ ተረከዝ፣ ከጎኑ የባልንጀራው ክርን ስለሚያጥሩት፣ ፊተኞቹ ድንገት ፍጥነት ሲጨምሩ መውጫ አጥቶ ይቀራል። እንግዲህ በ25 ዙር ውስጥ ዋናው ጥበብ ጉልበትን ማውጣት ሳይሆን፣ መቼ በውስጥ ተጠልሎ፣ መቼ በውጭ ከፍሎ መሮጥ እንደሚገባ መለየት ነው።

ከዚህም ሌላ ጀማሪውን የሚከፍለው ሁለት ኅሊና አለ፤ ሚኒማውን ለማሟላት መፍጠን ይገባዋል፣ ከሦስቱ ለመግባት ደግሞ ለመጨረሻው ደውል አቅም ማስቀረት ይገባዋል። አሯሯጭ ካለ የመጀመሪያውን ሸክም ያቀልለታል፤ እርሱ ከመሙ ሲወጣ ግን ማን ይምራ የሚለው ዝምታ ይከተላል።

ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ማጣሪያ ሰሎሞን ባረጋ በ26:49.51 ሲቀድም፣ ዮሚፍ ቀጀልቻና በሪሁ አረጋዊ ተከትለው ሲገቡ፣ ሦስቱን የለያቸው አንድ ሰከንድ እንኳ የማይሞላ ጊዜ ነበር፤ ሰሎሞንም በሐምሌ 23 በቶኪዮ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በዚያው የማጣሪያ ዕለት ለተሰንበት ግደይ፣ አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን ከሁለት ቀን በፊት በዚያው በሄንግሎ ስታዲየም ያስመዘገበችውን የዓለም ክብረ ወሰን 29:06.82 ሽራ በ29:01.03 ገባች፤ ለቡድን መመረጫ የተሰናዳ ሩጫ የዓለምን መዝገብ ሲለውጥ ማየት፣ ማጣሪያው ከፍጻሜው ውድድር የማያንስ መሆኑን ለሚጠራጠር ሰው በቂ ምስክር ይመስለኛል።

አራተኛ ሆኖ የገባው ግን፣ ሚኒማውን አሟልቶ ቢሆን እንኳ፣ ስሙ ከተጠባባቂ ተራ ይጻፋል፤ ከሦስቱ አንዱ ካልታመመ ወይም ካልተጎዳ በቀር ከመነሻው መስመር ላይ አይቆምም።