ልብ ሲጠገን ኩላሊትን ማን ይጠብቅ?

በአውሮፓና በአሜሪካ ለልብ ቀዶ ሕክምና የሚተኙት በብዛት የልባቸው ደም ስር የጠበበባቸው አዛውንቶች ናቸው። ከእንጅባራ፣ ከዳንግላና ከአካባቢያቸው ቀበሌዎች ለዚሁ ሕክምና አዲስ አበባ የሚላኩት ግን ብዙዎቹ ተማሪዎችና ወጣት እናቶች ናቸው። ቫልቫቸውን ያበላሸው በልጅነት በወጉ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም ያስከተለው ሪውማቲክ የልብ በሽታ ነው። ቤተሰብ ከብት ሸጦ፣ ዘመድ አዋጥቶ ወረፋው ሲደርስ የሚጠየቀው «ልቡ ይድናል ወይ?» ተብሎ ነው። ስለ ኩላሊቱ የሚያነሳ የለም። ሊነሳ ግን ይገባዋል፤ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከአምስት ታካሚዎች አንዱ፣ በአንዳንድ ጥናቶች ደግሞ ከሦስቱ አንዱ፣ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ይደርስበታል።

አገራችን የልብ ቀዶ ሕክምና ለመስጠት የበቃችው በብዙ ድካም ነው። ዶ/ር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን ሲመሠርቱ ልጆቹ ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ይታከሙ ነበር። የድርጅቱ የልብ ሕክምና ማዕከል በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ተከፈተ፤ ለዓመታትም ከውጭ በሚመጡ የሐኪም ቡድኖች ሲታገዝ ቆየ። ዛሬም ወረፋ የሚጠብቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። እንዲህ ተለፍቶበት የተገኘ ሕክምና በኩላሊት ምክንያት ሲከሽፍ ያንገበግባል።

ጉዳቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። ቀዶ ሕክምናው በሚካሄድበት ጊዜ ልብ እንዲቆም ይደረግና ደሙን የሚያዘዋውረው ማሽን ይሆናል። ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ በማሽኑ ቱቦዎች ውስጥ ሲዘዋወሩ የሚሰባበሩት ቀይ የደም ሴሎች የሚለቁት ንጥረ ነገርም ኩላሊትን ይጎዳል። ታካሚው ከማሽኑ ጋር የሚቆይበት ሰዓት በረዘመ መጠን አደጋው ይጨምራል።

አስቸጋሪው ነገር ጉዳቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ክሬቲኒኗ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ መጠን) 0.8 የነበረ ወጣት በማግስቱ 1.1 ብትሆን የላቦራቶሪው ወረቀት ሁለቱንም ቁጥሮች ጤናማ ይላቸዋል። ዓለም አቀፉ መመዘኛ ግን በ48 ሰዓት ውስጥ 0.3 መጨመሩን ብቻ እንደ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ይቆጥረዋል። የቀድሞው ቁጥር ካልታወቀ 1.1ን ያየ ሐኪም ደህና ናት ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው ምልክት ሽንት ነው። 50 ኪሎ የምትመዝን ታካሚ በስድስት ሰዓት ውስጥ የሸናችው ከ150 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከሁለት የቡና ሲኒ ገደማ በታች ከሆነ ሐኪም መጠራት አለበት። ይህን ለማወቅ የሽንት ከረጢቱን በየሰዓቱ አይቶ የሚመዘግብ ነርስ እንጂ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

በሌላው ዓለም ከዚህ የፈጠነ ምልክት ሲፈለግ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የልብ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 71 ሕፃናት ላይ ባደረጉት ጥናት ክሬቲኒን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ የሚናገረውን ኤንጋል የተባለ ፕሮቲን በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደሚያሳይ አገኙ። በዚያው ዓመት እዚያው አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ላይ፣ የኩላሊት እጥበት እስከማስፈለግ የሚደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ የሚገምት የነጥብ መስፈርት ወጣ። ከጠቅላላው 17 ነጥብ ውስጥ እስከ 5 የሚይዘው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለው ክሬቲኒን ነው።

መከላከያ ይሆናሉ ተብለው የተሞከሩ መድኃኒቶች አብዛኞቹ ሳይሳካላቸው ቀርተዋል። የተሻለ ተስፋ የታየው በ2024 እ.ኤ.አ. በ3,511 ታካሚዎች ላይ ተደርጎ በታተመ ጥናት ነው፤ በደም ስር አሚኖ አሲድ መስጠት ጉዳቱን ከ31.7 ወደ 26.9 በመቶ አወረደው። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የጀርመን ጥናት ነው። ለጉዳቱ ይበልጥ በተጋለጡ ታካሚዎች ላይ የተደረገው የደም ግፊትንና ፈሳሽን በጥብቅ መከታተል፣ ስኳርን መቆጣጠር፣ ኩላሊት የሚጎዱ መድኃኒቶችን ማራቅ ነበር። በዚህ ብቻ ጉዳቱ ከ71.7 ወደ 55.1 በመቶ ዝቅ አለ። እነዚህ እኛም በትጋት ልናደርጋቸው የምንችላቸው ናቸው።

ሥራው ደግሞ ከአዲስ አበባ በፊት እንጅባራና ዳንግላ ባሉበት በአዊ ዞን መጀመር አለበት። እንጅባራ ብርዳማ ከተማ ናት፤ ቁርጥማትን በብርድ አሳብቦ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ገዝቶ መዋጥ የተለመደ ነው። ልቡ ደክሞ ሽንት የሚያስወጣውን መድኃኒት ላሲክስ ለሚወስድ ሰው ይህ ማስታገሻ ኩላሊትን ክፉኛ የሚፈታተን ነው። ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችለው አንቲባዮቲክ ጀንታማይሲንም ሐኪም አስፈላጊነቱን አይቶና መጠኑን ለክቶ የሚያዘው እንጂ በልማድ የሚወጋ መርፌ መሆን የለበትም። ታካሚው ከቀዶ ሕክምና ወደ ዳንግላ ሲመለስም ክትትሉ አብሮት ሊመለስ ይገባል። መንገድ በሚዘጋጋበት ጊዜ አንድ የክሬቲኒን ምርመራ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሂድ ማለት አትታይ ከማለት አይለይም።

ኩላሊት አንዴ ሙሉ በሙሉ ከደከመ የሚቀረው እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። ንቅለ ተከላ በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው፤ እጥበቱ ደግሞ ገበሬውን ከእርሻው ነቅሎ ከተማ ያስቀምጠዋል።

ከሁሉ የሚሻለው ልጆቻችን ቀዶ ሕክምና ላይ እንዳይደርሱ ማድረግ ነው። ጉሮሮው ያበጠና ትኩሳት ያለው ልጅ እንጥሉ ሊቆረጥ አይገባም፤ ጤና ጣቢያ ሊሄድ ይገባል። ሪውማቲክ ትኩሳት የያዘው ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ እንዳይቋረጥበት።

የልብ ሕመምተኛ ቤታችሁ ያለ የአዊ ወገኖች፣ ለቀዶ ሕክምና ከመሄዳችሁ በፊት ክሬቲኒን አስመርምሩ፤ ወረቀቱን ከሪፈሩ ጋር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ሳያዝ ማስታገሻ አትግዙ። ለእንጅባራና ለዳንግላ ሆስፒታል ኃላፊዎችም የምለው አለኝ፦ የክሬቲኒን ውጤት ያልተያያዘበት የልብ ታካሚ ሪፈር ከእጃችሁ አይውጣ።