ዓይነ ምድርን ከተራራ ይዞ ስለ መውረድ

የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት ስለ ንግሥ በዓል ሲመክሩ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ጸጥታውና ስለ ገቢው በስፋት ይነጋገራሉ። በተራራ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን የሚሰነብተው ምእመን የት እንደሚጸዳዳ ግን ብዙ ጊዜ በቃለ ጉባኤ አይሰፍርም። ነገሩ ለአፍ ይከብዳል። ቅዱስ መጽሐፍ ግን አልዘለለውም፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ሕዝበ እስራኤል ከሰፈር ውጭ እንዲጸዳዱ፣ መቆፈሪያ እንዲይዙና ዓይነ ምድራቸውን እንዲከድኑ ታዘዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው መቆፈር በማይቻልበት ቦታ ስለሚደረገው ነገር ነው፤ ይኸውም ዓይነ ምድርን አሽጎ ይዞ መውረድ ነው።

ዓይነ ምድር በአፈር ውስጥ የሚጠፋው በአፈሩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን እየበሉት ነው። እነርሱም ሙቀት፣ አየርና መጠነኛ እርጥበት ይሻሉ። በቆላውና በወይና ደጋው፣ አፈሩ ወፍራም በሆነበት ስፍራ፣ አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ ከውኃ ቢያንስ ስልሳና ሰባ ሜትር ርቆ የተቀበረ ነገር ከጊዜ በኋላ አፈር ይሆናል። በውርጭ አገርና በዐለት ላይ ግን እንዲህ አይሆንም። ቅዝቃዜው ሥራውን ያቆመዋል፤ አፈሩም ስስ ስለሆነ የሚሸፍን የለም። ዝናብ ሲመጣ ሁሉንም አጥቦ ወደ ታች ይወስደዋል። ከተራራው ግርጌ ያለችው ምንጭ የምትጠጣው ከላይ የወረደውን ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር በግልጽ የታየው ተራራ ወጪዎች በሚበዙባቸው ስፍራዎች ነው። በአሜሪካ አላስካ የሚገኘው ዴናሊ 6,190 ሜትር ከፍታ አለው። ወጪዎቹ ለብዙ ዓመታት ዓይነ ምድራቸውን በበረዶው ግግር ስንጥቅ ውስጥ ይጥሉ ነበር፤ በረዶው ፈጭቶ ያጠፋዋል ተብሎ ይታመን ነበርና። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ግን የበረዶው ግግር እንደ ዘገምተኛ ወንዝ ወደ ታች እንደሚጓዝና የተጣለውን ሁሉ ከአሥርት ዓመታት በኋላ መልሶ በገጹ ላይ እንደሚያወጣው ተረዱ። ካሂልትና በተባለው የበረዶ ግግር ላይ የቀረው ከ60 ቶን በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። በረዶ ውስጥ የቆየው ዓይነ ምድር ተሕዋስያን እንዳሉበት በመገኘቱ፣ የፓርኩ አስተዳደር ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ (እ.ኤ.አ.) ክዳኑ የሚጠብቅ ትንሽ የፕላስቲክ በርሜል ለወጪዎች ማደል ጀመረ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ 4,300 ሜትር ግድም ካለው ሰፈር በታች የተጸዳዳ ሁሉ የራሱን ይዞ እንዲወርድ ግዴታ ሆኗል።

በኔፓል የኤቨረስት ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። እዚያ ወጪዎቹ የሚጠጡት በረዶ እያቀለጡ ነው፤ በረዶውም ሌላው የተጸዳዳበት ሊሆን ይችላል። የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ ወጪ የመጸዳጃ ከረጢት ገዝቶ እንዲወጣና ሲመለስም እንዲያሳይ ደንግጓል። በተራራው ግርጌ ባለው ዋና ሰፈር የሚጠራቀመው ግን በበርሜል ተሞልቶ በሸካሚዎች ትከሻ ይወርድና በሌላ ስፍራ ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል። ይህን የምንጠቅሰው አንድ ነገር እንዲታሰብበት ነው፦ ማውረድ ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ የት እንደሚደፋ አስቀድሞ ካልተወሰነ ችግሩ ቦታ ከመቀየር አያልፍም።

ከረጢቱ ቀላል ነገር ነው። ውስጠኛው ክፍል እንደ ሕፃናት ዳይፐር እርጥበት የሚመጥና የሚያረጋ ዱቄት አለበት፤ ውጫዊው ጠንካራና በጥብቅ የሚዘጋ ነው። ሽንት ለብቻው ይደረጋል፤ ከረጢቱን የሚያከብደውና የሚያሸተው እርሱ ነውና። እንዲህ ያለ ከረጢት በእኛ ገበያ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ክዳኑ የሚገጥም ባልዲና የተነፋ አመድ ወይም ሰጋቱራ ቦታውን ይተካሉ። ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ አንድ ጣሳ አመድ ይነሰነሳል። አመዱ እርጥበቱን ይመጣል፣ ሽታውንና ዝንቡን ይቀንሳል፣ ብዙዎቹን ተሕዋስያንም በጊዜ ሂደት ያዳክማል። ባልዲው ከታች ሲደርስ የሚገለበጠው ጥልቅ በሆነ የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ፕላስቲክ ግን ጉድጓድ ውስጥ ፈጽሞ አይጣል፤ አይበሰብስም፣ ጉድጓዱንም ያለ ጊዜው ይሞላዋል።

ታዲያ ይህ ለእኛ የሚሆነው የት ነው? ሁሉም ቦታ አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሃያ ሠላሳ ሆነው ወደ ስሜን ተራሮች ቢወጡ፣ ወይም ጥቂት ምእመናን አፈር በሌለው አምባ ላይ ቢያድሩ፣ ባልዲና አመድ ይበቃል። ሕዝቡ ሲበዛ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። አንድ ሰው በቀን ከ100 እስከ 250 ግራም ዓይነ ምድር ይኖረዋል ብንል፣ አንድ ሺህ ሰው በሦስት ቀን ከ300 እስከ 750 ኪሎ ያከማቻል። አንድ በቅሎ 60 ኪሎ ብትጭን፣ አመዱና ባልዲው ሳይቆጠሩ ከ5 እስከ 13 ጭነት ነው። ከዚህ ለሚበልጥ ጉባኤ የሚበጀው፣ በእኛ አስተያየት፣ ወለሉና ግድግዳው ውኃ የማያሳልፍ፣ በየጊዜው የሚጠረግ ቋሚ መጸዳጃ ቤት መሥራት ነው።

በአምባ ላይ ያሉ ገዳማትን ስናስብ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠናል። ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣው በገመድ ነው፤ አበው የሚጠቀሙበት ውኃም በዐለት በተፈለፈሉ ጉድጓዶች የሚጠራቀም የዝናብ ውኃ ነው። በዐለት ላይ የሚወድቅ ማናቸውም ነገር ወዴት እንደሚታጠብ መናገር አያሻም። ጸበልም ቢሆን ከምንጭ የሚቀዳ ውኃ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ኮሌራ በቋራ ወረዳ በርሜል ጊዮርጊስ የጸበል ስፍራ በተሰበሰቡ ምእመናን መካከል ተዛምቶ ነበር። ኮሌራ የሚተላለፈው በዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና ምግብ ነው። ስለዚህ ከምንጩ በላይ ያለውን ቁልቁለት መጠበቅ ጸበሉን ማክበር መሆኑን ለምእመናን ማስረዳት የሚችለው ከሁሉ በፊት ካህኑ ነው። ከጤና ባለሙያ ይልቅ የንስሐ አባት ሲናገረው ይሰማልና።

ባልዲውን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በስብሰባው ላይ መነሣት አለበት። ካልተነሣ በልማድ የሚደርሰው ለድኃው፣ ለቆሎ ተማሪው ወይም ለመንገድ መሪው ነው። የየራሱን ይዞ መውረድ ይቻል ከሆነ እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ፤ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ለሚሸከመው ጓንት፣ ሳሙናና ተገቢ የድካም ዋጋ በበጀቱ ውስጥ ይካተት። ለሴቶች መጋረጃ ያለው የተለየ ቦታ፣ ለአረጋውያን የሚቀመጡበት ከፍ ያለ ነገር፣ ለሁሉም የእጅ መታጠቢያ ውኃ ያስፈልጋል። አመዱም ከጉዞው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ከየቤቱ ተሰብስቦ፣ ፍሙ ፈጽሞ መጥፋቱ ተረጋግጦ፣ ተነፍቶ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። የረጠበ አመድ ጥቅሙ ጥቂት ነው።