ፍርሃትን ተበድሮ ማሳቅ

በአስፈሪ ፊልም ላይ መቀለድ ለብዙዎች ቀላል ሥራ ይመስላቸዋል። ጭራቁ ተደናቅፎ ከወደቀ ተመልካቹ መሳቁ አይቀርም ይባላል። ይሁን እንጂ ዕድሜ ያገኙት ፓሮዲዎች፣ ማለትም ቀድሞ በተሠራ ፊልም ላይ እያሾፉ የሚያስቁ ኮሜዲዎች፣ የሚያሾፉበትን ሥራ ጠንቅቀው ያጠኑ ናቸው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ሜል ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1974 ያዘጋጀው “ያንግ ፍራንከንስታይን” ነው። ብሩክስ ከዋናው ተዋናይ ከጂን ዋይልደር ጋር የጻፈው ይህ ፊልም መነሻው የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ የ1930ዎቹ ፊልሞች፣ በተለይም ጄምስ ዌል በ1931 እና በ1935 ያዘጋጃቸው ሁለት ሥራዎች ናቸው። ብሩክስ በጥቁርና ነጭ ካልቀረጽኩ በማለቱ ከኮሎምቢያ ፒክቸርስ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ሥራውን ወደ ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ ወሰደ። ለላቦራቶሪው ትዕይንትም ኬኔት ስትሪክፋደን ለ1931ዱ ፊልም ሠርቶ ያቆያቸውን የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ተከራየ። በመጀመሪያው ፊልም ስሙ ያልተጠቀሰው ባለሙያ፣ ከ40 ዓመታት በኋላ በኮሜዲው ላይ ስሙ ተጻፈለት።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? ፍርሃትም ሆነ ሳቅ ተመልካቹ አንድ ነገር እንዲጠብቅ በማድረግ ስለሚሠሩ ነው። በ1931ዱ ፊልም ጭራቁ ከአንዲት ሕፃን ጋር አበባ ወደ ሐይቅ ሲጥል ይቆይና አበባው ሲያልቅ፣ ትንሳፈፋለች ብሎ ልጅቷን ራሷን ይወረውራታል። በብሩክስ ፊልም ደግሞ ሌላ ሕፃን አበባዋን ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ስትጨርስ፣ አሁንስ ምን እንጣል ብላ ጭራቁን ትጠይቀዋለች። እሱም ዞር ብሎ ተመልካቹን ያያል። የድሮውን ፊልም ለሚያውቅ ሰው ይህ ዕይታ ብቻውን በቂ ነው።

አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። በ1996ቱ “ስክሪም” ላይ ያሾፈው “ስኬሪ ሙቪ” እ.ኤ.አ. በ2000 ከፍተኛ ገቢ ካስገኘ ወዲህ፣ የወቅቱን ፊልሞችና ዝነኞች መጥቀስ ብቻውን ቀልድ የሚመስላቸው ፓሮዲዎች ተበራክተዋል። የተጠቀሰው ሲረሳ ግን ቀልዱም አብሮ ይረሳል። “ያንግ ፍራንከንስታይን” በአያቱ ስም የሚያፍር ሐኪም ውርሱን እንዴት እንደሚቀበል የሚተርክ፣ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በመሆኑም የድሮውን ያላየ ይስቃል፤ ያየ ግን ሁለት ጊዜ ይስቃል።