ሐናን የሚፈልግ ፕሮግራም

ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር ለውጭ ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክቱ ልጆች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ «ስንት ፕሮጀክት ያስፈልገኛል?» ካልኩሌተር፣ የአየር ሁኔታ ማሳያ፣ የእባብ ጨዋታ፣ የዕለት ሥራ መመዝገቢያ... ከዩቲዩብ እያዩ ይሠሩና ጊትሃብ ላይ ይደረድሯቸዋል። ድካማቸውን አልንቅም፤ እጅን ለማፍታታት ጥሩ ናቸው። ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ግን እነዚያኑ ካልኩሌተሮች ከሌላውም አመልካች አይቷቸዋል። እኔ የምላችሁ አንድ ሥሩ ነው። አንድ፣ ግን የምታውቁት ሰው በእውነት የተቸገረበትን፣ እስከ ጥጉም የሄዳችሁበትን። ምን ማለቴ እንደሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ። ምሳሌው የእኛው ስለሆነ ቶሎ አልለቀውም።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያለ አንድ እድር እናስብ። 300 አባላት አሉት እንበል፤ ስማቸው በኤክሴል ተመዝግቧል። ጸሐፊዋ የአንዲት አባል መዋጮ ልትሞላ «ሐና» ብላ ትፈልጋለች። የለችም ይላታል። አለች እንጂ፤ «ሃና» ተብላ ነው የተጻፈችው። ኃይሉም «ሀይሉ» ሆኗል፣ ዓለም «አለም»፣ ሥላሴ «ስላሴ»። ፀሐይን ብቻ እስቲ ቁጠሩልኝ። የመጀመሪያው ፊደል «ጸ» ወይም «ፀ» ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ሀ»፣ «ሃ»፣ «ሐ»፣ «ሓ»፣ «ኀ» ወይም «ኃ» ሊሆን ይችላል። ሁለት ጊዜ ስድስት 12። አሥራ ሁለቱም ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን 12 የማይተዋወቁ ሰዎች።

የጸሐፊዋ ልጅ 11ኛ ክፍል ናት፤ ፓይተን ጀማምራለች። እንዲህ ያለ ችግር እጇ ላይ መውደቁ ትልቅ ዕድል ነው። ችግሩን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፣ ፕሮግራሙን የምትጠቀምበት ሰው እዚያው ቤት ውስጥ አለች፣ ሠራ አልሠራ የሚለውንም በየወሩ መጨረሻ ታየዋለች።

መፍትሔው ውስጥ ያለውን ውበት ተመልከቱ። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጣል። የግዕዝ ፊደል የገባበት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው እትም 3.0 ነው፤ የተደረደረውም በገበታው ቅደም ተከተል፣ ለእያንዳንዱ ረድፍ 8 ቦታ ተይዞ ነው። «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624 እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ ከ«ሐ» ረድፍ የፈለጋችሁትን ፊደል ወስዳችሁ 16 ብትቀንሱ «ሀ» ረድፍ ውስጥ በዚያው ድምፅ ላይ ታርፋላችሁ፤ ሑ ሁ ይሆናል፣ ሒ ሂ። «ሠ» ላይ 16 ሲደመር «ሰ» ይመጣል። ከ«ፀ» 8 ሲቀነስ «ጸ»፣ ከ«ዐ» 48 ሲቀነስ «አ»። በልጅነታችን በዜማ የቆጠርነው ገበታ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀላል መደመርና መቀነስ ሆኖ ተቀምጧል! «ሃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ን ወደ «አ» ማምጣት ብቻ ለብቻው ይጨመራል።

ፕሮግራሙ የሚፈለገውን ስምና በመዝገቡ ያሉትን ስሞች ሁሉ በዚህ መንገድ ወደ አንድ መልክ ያመጣና ያወዳድራል። መዝገቡ ላይ ያለውን አጻጻፍ ግን አይነካም። ሰው ስሙን በ«ሐ» ከጻፈ በ«ሐ» ይቆያል። ይህች ትንሽ የምትመስል ውሳኔ ናት፤ እኔ አመልካች ብሆን ግን በመግለጫዬ ላይ የመጀመሪያውን ቦታ እሰጣታለሁ፣ ሠሪዋ ስለሰዎቹ ማሰቧን ታሳያለችና።

እስካሁን ያለው ሁሉ ከጥቂት ደርዘን መስመር አይበልጥም። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ጥሩው ነገር የሚጀምረው ግን ገና አሁን ነው። እናት ሁለት ሳምንት ተጠቅማበት ቅሬታ ይዛ ትመጣለች። «ገብረ ማርያም» ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ነው፤ ተለያይቶ፣ ተጋጥሞ፣ «ገ/ማርያም» ተብሎ። «በቀለ» በጣት ስሕተት «በቃለ» ሆኗል። የመጀመሪያው በደንቦች ዝርዝር ይፈታል። ለሁለተኛው የሩሲያው ሒሳብ ሊቅ ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረበው ሐሳብ አለ፤ አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመቀየር ስንት ፊደል መጨመር፣ መቀነስ ወይም መተካት እንደሚያስፈልግ ቆጥሮ ያንን የቃላቱ ርቀት ማለት ነው። ይህን መንገድ ብዙ የፕሮግራሚንግ መማሪያዎች ውስጥ ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ ግን ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀው መማሪያ የማያነሣው ጥያቄ ይመጣል። «ቀ» ወደ «ቃ» ሲቀየር የተለወጠው አናባቢው ብቻ ነው፤ «ቀ» ወደ «መ» ሲቀየር ግን ሌላ ድምፅ መጥቷል። ሁለቱን እኩል ስሕተት ብሎ መቁጠር ልክ ነው? ልጅቷ በአንድ ረድፍ ውስጥ ያለውን ለውጥ እንደ ግማሽ ስሕተት ልትቆጥረው ትችላለች። ሁለት ፊደላት በአንድ ረድፍ መሆናቸውን ለማወቅ ቁጥራቸውን ለ8 አካፍሎ ድርሻው እኩል መሆኑን ማየት ይበቃል። ይህን ስታስብ ከመማሪያው ወጥታ የራሷን ነገር መሥራት ጀምራለች። የቅበላ ክፍል ሰዎች የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ቅጽበት ነው፤ እኔም ፖርትፎሊዮ ሳነብ ቸኩዬ የምሄድበት እሱ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅም ደስ ይላል። አሜሪካዊው ሮበርት ራስል ስሞችን በድምፃቸው የሚመድብ ሳውንዴክስ የተባለ ዘዴ ፈጥሮ እ.ኤ.አ. በ1918 ፓተንት ወስዶበታል፤ በኋላም የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መዝገቦችን ስም ለማውጣት አገልግሏል። ይህን ታሪክ ፈልጎ ያገኘና ከሥራው ጋር ያያያዘ ተማሪ ከሱ በፊት የነበሩትን አንብቧል ማለት ነው።

ከዚያ መለካት ይመጣል። «በደንብ ይሠራል» ማለት ምንም አይነግርም። 50 ጥንድ ስሞች በእጅ አዘጋጁ፤ ግማሾቹ የአንድ ሰው ስም ሁለት አጻጻፍ፣ ግማሾቹ ደግሞ የሚመሳሰሉ ግን የተለያዩ ሰዎች። ፕሮግራሙ ስንቱን በትክክል አገናኘ? ስንቱንስ በስሕተት? የርቀት ገደቡን ካላላችሁት አበራ ሲፈለግ አበበም ይመጣል፤ ጸሐፊዋ ካላስተዋለች የአንዱ መዋጮ በሌላው ስም ይገባል። ስለዚህ ፕሮግራሙ እርግጠኛ ባልሆነበት ጊዜ ራሱ ይወስን ወይስ አማራጮችን አሳይቶ ሰው ይምረጥ? ለገንዘብ መዝገብ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የማይሠራበትንም ቦታ ጻፉት። በግዕዝ «ሰረቀ» ሌብነት ነው፣ «ሠረቀ» ደግሞ የፀሐይ መውጣት፤ ይህ ፕሮግራም ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ለስም ፍለጋ አይጎዳም፤ ለጥንታዊ ጽሑፍ ግን መጠቀም አይገባም። እንዲህ ብሎ ድንበሩን የሚያሰምር ተማሪ ይታመናል።

ጊትሃብ ላይ ስታስቀምጡት መጀመሪያ የሚነበበው ሪድሚ የተባለው ፋይል ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ አልፎ ኮዱን የሚከፍት የለም። ችግሩ ምንድን ነው፣ የማን ነው፣ እንዴት ተፈታ፣ ምን ያህል ይሠራል፣ ምን ይቀረዋል፤ አማርኛ የማያውቅ ሰው እንዲገባው አድርጋችሁ በግልጽ ቋንቋ ጻፉት። አንድ ስክሪንሾትም ጨምሩ። እያንዳንዱን ለውጥ ስትመዘግቡም ምን እንደተለወጠ የምትነግር አንዲት መስመር ይኑራችሁ። ጊትሃብ የተመሠረተበት፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት ዋና ሥራው ታሪክን ማስቀመጥ ነው። ወራት ያስቆጠረ ታሪክና በአንድ ሌሊት የተጫነ ክምር ሲታዩ ይለያያሉ።

በዚሁ ላይ በጣም የምጠነቀቅበትን ልንገራችሁ። የእድሩን እውነተኛ መዝገብ ጊትሃብ ላይ ፈጽሞ አታውጡ። የሰዎች ስም፣ ስልክ፣ የከፈሉትና ያልከፈሉት አለበት። ጊት ታሪክ ስለሚያስቀምጥ አንዴ የገባ ፋይል ቢሰረዝም ከድሮው ስሪት ውስጥ ይገኛል። ለሙከራ የፈጠራ ስሞች ጻፉ፤ ይህን ለምን እንዳደረጋችሁም ሪድሚው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር አስገቡ።

ቻትጂፒቲ ይህን ኮድ በደቂቃ ይጽፈው የለም ወይ የምትሉኝ ይኖራሉ። ይጽፈዋል። የእናት ቅሬታ፣ የግማሽ ስሕተቱ ሐሳብ፣ የ50ው ጥንድ ፈተና፣ ሰው ይምረጥ የሚለው ውሳኔ ግን ከቤቱ ካልመጡ ከየትም አይመጡም። ከተጠቀማችሁበት የት የት እንደተጠቀማችሁ በግልጽ ጻፉ፤ እያንዳንዱን መስመር ግን ኮዱን ዘግታችሁ ለጓደኛ ማስረዳት መቻላችሁን አረጋግጡ። ቃለ መጠይቅ ቢኖር የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሥራው ካለ ማመልከቻው ብዙም አያስቸግርም። ከ1,000 በላይ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የተባለው ቅጽ ከክፍል ውጭ ለሠራችሁት 10 ቦታ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ የሚፈቅደው 150 ሆሄ ነው፣ ባዶ ቦታም ይቆጠራል። «ፓይተንን በመጠቀም የስም መፈለጊያ ፕሮግራም ሠርቻለሁ» የሚለው ቦታ ያባክናል። «በተለያየ ፊደል የተጻፉ የ300 የእድር አባላትን ስም የሚያገኝ ፕሮግራም፤ ከ50 ፈተና 46 ትክክል፤ ጸሐፊዋ በየወሩ ትጠቀምበታለች» ስትሉ ግን ችግሩም፣ ልኩም፣ ተጠቃሚዋም በአንድ ትንፋሽ ገቡ። ቁጥሩ በእርግጥ የራሳችሁ፣ የለካችሁት መሆን አለበት። እስከ 650 ቃል የሚፈቀደው ድርሰት ደግሞ ለእድሩ ታሪክ ሰፊ ቦታ አለው፤ እዚያ ላይ ስለ ኮድ ብዙ ባታወሩ ደስ ይለኛል።

ኤም አይ ቲ የራሱ ማመልከቻ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የእጅ ሥራቸውን ማሳየት ለሚፈልጉ ሜከር ፖርትፎሊዮ የተባለ አማራጭ ከፍቷል። ግዴታ አይደለም። አጭር ቪዲዮና ሥዕሎች የምታስገቡበት ስለሆነ የፕሮግራሙን መስኮት ብቻ አታሳዩ፤ እናት ስትፈልግ፣ ስታጣ፣ ከዚያ ስታገኝ ይታይ። ሥራን በቪዲዮ ማቅረብ ለመለማመድ የሃርቫርዱ ሲ ኤስ 50 ነጻ ትምህርት ጥሩ ነው፤ የመጨረሻ ፕሮጀክቱን የምታስረክቡት ከ3 ደቂቃ ከማይበልጥ ቪዲዮ ጋር ነው።

እንግሊዝ ሌላ ነው። ዩካስ በተባለው የማመልከቻ ሥርዓት በኩል ስታመለክቱ ያላችሁ 4,000 ሆሄ ነው፤ ፕሮጀክቱ በቃላት ካልተነገረ አይታይም። ካምብሪጅ ለኮምፒውተር ሳይንስ አመልካቾች የሒሳብ ፈተና ይሰጣል፤ እዚያ የሚያስገባው በዋናነት ሒሳብ ነው። አገር ቤት ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ በዋናነት በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስለሚወሰን ፖርትፎሊዮ የጥናት ጊዜ እንዳይሻማ እመክራለሁ። ደሴ ወይም ጅማ ሆናችሁ ወደ ውጭ የምታስቡ ካላችሁ ግን ላፕቶፕ አለመኖር በሩን አይዘጋም። ፓይድሮይድ 3 የተባለው አፕሊኬሽን አንድሮይድ ስልክ ላይ ፓይተን ያስኬዳል። እድር ባይኖር የቀን መቁጠሪያ አለላችሁ፤ ጳጉሜ 6 ቀን የተወለደ ሕፃን ዕድሜው በየዓመቱ መቼ ይሞላል? ጳጉሜ 6 የሚሆነው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲተርፍ ነው፣ ለምሳሌ በ2015። ከዚያ ተነሥታችሁ የትምህርት ቤትን ወይም የጤና ጣቢያን መዝገብ ከፈረንጆቹ ቀን ጋር የሚያስታርቅ ነገር መሥራት ይቻላል።

ስለ ጊዜው። ኮመን አፕ የሚከፈተው ነሐሴ መጀመሪያ በፈረንጆቹ፣ በእኛ ሐምሌ 25 ነው፤ ቀድመው ለሚያመለክቱ የብዙ ኮሌጆች ቀነ ገደብ ጥቅምት 22 አካባቢ፣ ለሌላው ታኅሣሥ 23 አካባቢ ይውላል። መጻፉ አንድ ወር ቢፈጅ ነው። ጸሐፊዋ ግን ሦስት አራት የወር መጨረሻ ካልተጠቀመችበትና ካላማረረችበት የምትለኩት ነገር የለም፤ ስለዚህ ኤክሴሉን ከመጋቢት ሳያልፍ ተቀበሏት።